ዋግና የጥልቁ ባሕር ሻርክ

ስንዴው በዋግ የተመታበት ገበሬ ወደ ጸሎት ቤት ሲመጣ «የተሰወረ ኃጢአት ይኖርበት ይሆን?» ብለው የሚያንሾካሹኩ አይጠፉም። አሞጽ 4፥9ንም ይጠቅሳሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነቢዩ ግን ይህን የተናገረው ለእስራኤል ሕዝብ ነው እንጂ በጎረቤታችን ማሳ እንድንፈርድበት አይደለም። ይልቅስ ዋግ ምን እንደሆነ እንወቅ።

ዋግ በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ የሚያድግ ፈንገስ ነው። ብናኙ በነፋስ ከአገር አገር ይጓዛል። እርጥብ ስንዴ ላይ ካረፈ በሁለት ሳምንት ገደማ በሺህ የሚቆጠር አዲስ ብናኝ ያወጣል። ከዚያ ሁሉ መካከል የስንዴውን መከላከያ የሚሰብር አንድ ቢገኝ ይበቃዋል። በአገራችንም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ አጠቃ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን ጣለው። ሦስት ዓመት ብቻ! ታዲያ የባሌ ገበሬ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኛ ስለሆነ ነውን?

ይህ ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ የሚገባን ከተቃራኒው ጋር ስናስተያየው ነው። በሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ውኃ የግሪንላንድ ሻርክ የሚባል ዓሣ አለ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንቲስቶች የ28 ሴት ሻርኮችን የዓይን ሌንስ መርምረው፣ ከሁሉ ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች ገመቱ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ትዋኝ ነበር ማለት ነው! ለመውለድ የምትደርሰው በ150 ዓመቷ ገደማ ነው። ዋግ ያለማቋረጥ ስንዴ ቢያገኝ በዚያ ዘመን ከ3,000 በላይ ትውልድ ይተካል። ስለዚህ ሻርኳ በሰው መረብ ስትያዝ ምትኳ ቶሎ አይገኝም፤ ዋጉ ግን ዛሬ ቢጠፋ ነገ ይመለሳል። ሁለቱንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በመራዊ ዙሪያ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማ በረከት ነው፤ በበጋም ስንዴ ይዘራበታል። ነገር ግን ያለ ሕያው ተክል የማይቆየው ዋግ ከበጋው ስንዴ ወደ ክረምቱ የሚሻገርበት ድልድይ ያገኛል። ከመከር በኋላ ወድቆ የበቀለው ስንዴ ይነቀል፤ ቀበሌው ሁሉ አንድ ዝርያ ብቻ አይዝራ። ማሳውንም በየሳምንቱ እንይ። ቅጠሉን ወይም አገዳውን ስንዳብስ ቢጫ ወይም ቀይ ቡናማ ዱቄት ጣታችን ላይ ከቀረ፣ የዚያኑ ቀን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይነገር።