ድኩላና የመጀመሪያዪቱ የአደን ሌሊት

በአገራችን ደጋማ ምድር ከሚኖሩት የዱር እንስሳት መካከል ስሙ በሁሉ አፍ ሲነገር አካሉ ግን በጥቂቶች ዓይን ብቻ የታየ ቢኖር ድኩላ ነው። በአዊ ምድር በጥርባና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ ማለዳ ወደ ጓሮው ሲወጣ የጎመኑ ጫፍ ተቀንጥሶ፥ በረጠበው አፈር ላይም ሁለት ጣት ያለው ቀጭን ኮቴ ታትሞ ቢያገኝ፥ የኮቴውን ባለቤት ለማየት ግን ዓመታት ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድኩላ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ በጫካ ዳር ሊያድር የሚያስብ ሰው፥ ስንቁንና ጋቢውን ከማሰናዳቱ አስቀድሞ የእንስሳውን ጠባይ ጠንቅቆ ሊማር ይገባዋል፤ ጠባዩን ሳይማር የሄደ እንደ ሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀመጥ ከብርድ በቀር የሚያተርፈው የለምና።

አንባቢ ምናልባት በባሕር ማዶ የአደን ሥዕሎች ላይ የሚታየውን፥ ቀንዱ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣውን እንስሳ በልቡ ይዞ ይሆናል። ያ እንስሳ፥ መጽሐፍ ቅዱሳችን ዋላ ብሎ የሚጠራው፥ በኢትዮጵያ ዱር የሚኖር አይደለም፤ በአፍሪካም ቢሆን የወገኑ ተወላጅ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። የዋላ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ በየዓመቱ እንደገና ሲበቅል፥ የድኩላ ቀንድ ግን ውስጡ አጥንት፥ ውጭው ከጥፍር ባሕርይ የሆነ ቅርፊት ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አይለየውም። ድኩላ በነገዱ የአጋዘንና የኒያላ ዘመድ ነው፤ ሐረጉ ወደ ላይ ሲቆጠር ደግሞ ከበሬና ከፍየል ቤተ ሰብ ይገባል። በ1830ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ ጎንደር ዘልቆ የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፥ ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮን ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ባስተዋወቀበት በ1835 ዓመት፥ የሰሜኑን ድኩላም በዚሁ በአገርኛ ስሙ በሳይንስ መዝገብ አስገብቶታል። በማዕከላዊውና በደቡቡ ከፍተኛ ቦታ የሚገኘው ጠቆር ያለው ወገን ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር በ1902 የዳግማዊ ምኒልክን ስም አግኝቷል።

ወንዱ ድኩላ ከመሬት እስከ ትከሻው አንድ ሜትር ያህል ሊደርስ፥ ክብደቱም ከአርባ እስከ ሰማንያ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሴቷ ግን ከእርሱ ታንሳለች፥ ቀንድም የላትም። የወንዱ ቀንድ አንድ ጊዜ ተጠማዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን፥ ቆዳው ዕድሜው በገፋ መጠን እየጠቆረ ይሄዳል፤ ሴቷና ግልገሏ ቀላ ያሉ ናቸው። በጎናቸው ላይ የተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች፥ የፀሐይ ብርሃን በቅጠል መካከል ሾልኮ በወደቀበት ሥፍራ ሰውነታቸውን ከጫካው ጋር አዋሕደው ከዓይን ይሠውሩታል። በሽሽት ጊዜ ከጅራቱ ሥር ብልጭ የሚለው ነጭ ፀጉር ብዙ ጊዜ አዳኙ ከድኩላ ያየው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነገር ይሆናል።

ድኩላ መንጋ አያውቅም፤ ብቻውን ይኖራል፥ ከእርሱ ጋር የምትታይ ቢኖር ግልገሏን ያስከተለች እናት ናት። ቀኑን በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ሲያመሰኳ ይውልና በሠርክና በነግህ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሰው በሚበዛበት አካባቢም ጨርሶ የሌሊት እንስሳ ይሆናል። ሣር ከመንጨት ይልቅ ለምለም ቅጠል፥ እምቡጥና የወደቀ ፍሬ ይመርጣል፤ ጦጣና ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሲመገቡ ከሥር ሆኖ የሚጥሉትን ይለቅማል፤ እነርሱም ነብር ባዩ ጊዜ የሚያሰሙት ጩኸት ለእርሱ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። ባላንጣው ነብር ነውና መከላከያው መደበቅ ነው፤ ሽታ በደረሰው ጊዜ አስቀድሞ ደርቆ ይቆማል፥ ወይም ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ አደጋው የቀረበ መስሎ ከታየው ግን እንደ ውሻ እየጮኸ ወደ ጥሻው ዘልቆ ይጠፋል። በጨለማ ይህን ጩኸት የሰማ ጀማሪ የመንደር ውሻ መስሎት ሊዘናጋ ይችላል፤ የለመደው አዳኝ ግን ታውቆበታልና ቦታውን ይለቃል።

እንዲህ ላለ እንስሳ ኑሮው ጥሻ ነው። በአዊ ደጋ የጥንቱ ጫካ ለእርሻ ተመንጥሮ ባለቀበት ዘመን፥ የተረፈው በአድባራት ዙሪያ፥ በወንዝ ሸለቆዎችና እንደ ዘንገና ባሉት ከእሳተ ገሞራ በተፈጠሩ ሐይቆች ዳርቻ ነው። በቅርብ ዓመታት በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ከጤፍ ጋር አብሮ እየተከለ፥ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ስለሚቆርጠው፥ አገሩ ከሩቅ ለሚያየው ዳግመኛ የለመለመ ይመስላል። ነገር ግን በረድፍ የቆመ አንድ ዓይነት ዛፍ፥ ሥሩ ሐረግና ቁጥቋጦ ከሌለበት፥ ለድኩላ መሸሸጊያ እንጂ ምግብ አይሆነውም፤ መጥረቢያው በደረሰ ጊዜም መሸሸጊያነቱ ያበቃል።

አደን በአባቶቻችን ዘንድ የወንድነት መለኪያ ነበረ። ዝሆንና አንበሳ፥ ጎሽና አውራሪስ የጣለ ሰው ግዳዩን ቆጥሮ ሲፎክር፥ ድኩላ ግን ለማዕድና ለቆዳ እንጂ ለማዕረግ የሚታደን አልነበረም፤ በኦሪት ሕግ ሰኮናው ስንጥቅ የሆነና የሚያመሰኳ እንስሳ ሥጋው ንጹሕ ነውና። አዳኞች በውሻ እያሳደዱ፥ በወጥመድ እየያዙ፥ በጦርና በጠመንጃም እየጣሉ ኖረዋል። ይህ ልማድ ግን ያለ ልክ በቀጠለ ጊዜ ዱሩ ባዶ እየሆነ ስለ ሄደ፥ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 61 የአራዊትን አደን በሥርዓት ወሰነ፤ ከዚያም በኋላ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2001 ፈቃድ የሌለውን አደን ከለከሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለአደን በተከለሉት ቦታዎች፥ በአርሲና በባሌ እንዳሉት እንደ ሙነሳና አባሸባ ደመሮ ባሉት፥ የተወሰነ ቁጥር ያለው እንስሳ እንዲታደን ይፈቅዳል፤ ፈቃድ ያወጣው እንግዳ ከባለሙያ አዳኝ ጋር ወጥቶ ለጣለው እያንዳንዱ እንስሳ ይከፍላል፥ የምኒልክ ድኩላም ከእነዚሁ አንዱ ነው። እንግዲህ በጥርባ ጫካ ዳር ፈቃድ ሳይኖረው የሚያድር ጀማሪ መነጽር እንጂ ጠመንጃ ሊይዝ አይገባውም። የአዳሩ ሥርዓት ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሥርዓቱም ይህ ነው። ጀማሪው ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ ዱካውን፥ በጠባብ መተላለፊያው ላይ የወደቀውን በጠጥና የተቀነጠሰውን ቅጠል መርምሮ፥ እንስሳው በየት ወጥቶ በየት እንደሚገባ ይለይ። ከዚያም ነፋሱ ከመተላለፊያው ወደ እርሱ እንጂ ከእርሱ ወደ መተላለፊያው በማይነፍስበት ወገን፥ ጀርባውን በግንድ አስደግፎ ይቀመጥ። እሳት አያንድ፥ ትምባሆ አያጭስ፥ ሽቶም አይቀባ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዊ ደጋ ውርጭ ይጥልበታልና ድርብ ጋቢ፥ ለስንቅም ሳይሰሩ የሚበሉትን በሶና ዳቦ ቆሎ ይያዝ። እኩለ ሌሊት ላይ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ቦታ ልቀይር የሚል ሐሳብ ይፈትነዋል፤ የነቃው እንስሳ ግን ቢያንስ ለዚያች ሌሊት አይመለስምና ይህን ፈተና ድል ይንሣ። ዋናው ሰዓት ወፍ ሲንጫጫ፥ ጭጋጉ ከሸለቆው ገና ሳይነሣ ያለው ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የእንስሳውን ወንድነትና ዕድሜ በሚገባ ሳይለይ አይተኩስ፤ የቆሰለ ድኩላ በጥሻ ውስጥ ዞሮ በቀንዱ የሚወጋ ብርቱ ነው፥ ቆስሎ ማምለጡም ከአደጋው በላይ የአዳኙ ኃጢአት ነው።

ጀማሪው በመንገዱ ላይ በሣር መካከል ብቻዋን የተኛች ግልገል ቢያገኝ፥ እናቷ የጣለቻት መስሎት አንሥቶ ወደ ቤቱ አይውሰዳት። ድኩላ ስድስት ወር ገደማ አርግዛ የምትወልዳትን አንድ ግልገል ደብቃ ትታት፥ ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች፤ ሽታው ነብርን እንዳይጠራ የግልገሏን ፋንድያ ሳይቀር ትበላለች። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሰው ቸርነት በአንድ ሰዓት ያፈርሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዪቱ የአደን ሌሊት የምትመዘነው በወደቀው እንስሳ ብዛት አይደለም፤ ጀማሪው ሲነጋ ምን ሊነካ እንደሚገባው፥ ምንንም ሊተው እንደሚገባው ለይቶ ካወቀ፥ ባዶ እጁን ቢመለስ እንኳ አዳኝ ሆኗል።