በአርምሞ የሚነገር ታሪክ፤ «ጆርኒ» የተባለው ጨዋታ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. «ፕሌይስቴሽን 3» ለተባለው መሣሪያ የወጣውና «ጆርኒ» ተብሎ የተሰየመው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ጠላት የማይገደልበት፣ ነጥብ የማይቈጠርበት፣ ታሪኩም በአንደበት ሳይነገር በፊደልም ሳይጻፍ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ተጀምሮ የሚፈጸም ድንቅ ሥራ ነው። ሠሪው በአሜሪካ በካሊፎርንያ የሚገኘው «ዛትጌምካምፓኒ» የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ የሥራው መሪ በሻንግሃይ ተወልዶ በደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጄኖቫ ቼን ነው።

ጨዋታው ሲከፈት፣ ወሰን በሌለው ምድረ በዳ መካከል፣ ከፊቱ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ብቻ የሚታዩ፣ ክንድ የሌለው፣ ቀይ ካባ የተጐናጸፈ አንድ መንገደኛ ከአሸዋው ላይ ብድግ ይላል። ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም፤ ነገር ግን በቅርብ ካለው የአሸዋ ኮረብታ ላይ በወጣ ጊዜ፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀና ብርሃን የሚያወጣ ተራራ በሩቅ ይታየዋልና፣ ያለ ትእዛዝ እግሩን ወደዚያ ያቀናል። የሚያበራ ምልክት ሲነካ የአንገት ልብስ ይወጣለታል፤ ምልክት ባገኘ ቍጥርም ይረዝማል፤ በላዩ ያለው የብርሃን ጽሕፈት እስኪጠፋ ድረስም መንገደኛውን በአየር ላይ ያበረዋል።

የዚያች ምድር ዜና መዋዕል የሚገለጸው በሥዕል ብቻ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን የቅዱሳንን ገድል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚያነብ፣ መንገደኛውም በየምዕራፉ መጨረሻ ነጭ ካባ በለበሰ ረጅም አካል ፊት ተቀምጦ፣ አንድ ታላቅ ሕዝብ በጨርቅ ውስጥ ባለው ኃይል ከተማ እንደ ሠራ፣ ስለዚያው ኃይል እርስ በርሱ ተዋግቶ እንደ ጠፋ፣ ከተሞቹም በአሸዋ እንደ ተቀበሩ ይመለከታል። ከዚያ ጦርነት የተረፉት የድንጋይ ፍጥረቶች ዛሬም በሰማይ ይንሳፈፋሉ፤ መንገደኛውን ባገኙትም ጊዜ አይገድሉትም፣ የአንገት ልብሱን ግን ይቀዱበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጓደኛው ምስጢር ነው። በጉዞው መካከል ሌላ ቀይ ካባ የለበሰ መንገደኛ ድንገት ብቅ ይላል፤ እርሱም በኢንተርኔት አማካይነት የመጣ፣ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ነው። ስሙ አይታይም፣ መነጋገርም አይቻልም፤ ያለው አንድ የደወል ድምፅ የመሰለ ጥሪ ብቻ ነው። ቼን ራሱ እንደ ተረከው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ተጫዋቾቹ አካል ለአካል መገፋፋት ይችሉ ስለ ነበር አንዱ ሌላውን ወደ ገደል ይገፋው ጀመር፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ሰውን በስብከት ከማረም ይልቅ መገፋፋቱን ፈጽሞ አስወገዱና፣ በምትኩ ሁለቱ ሲነካኩ የየአንዳንዳቸው የአንገት ልብስ ብርሃን እንዲሞላ አደረጉ። ፍሬው በመጨረሻው ተራራ ላይ ይታያል፤ ብርዱ ጽሕፈቱን ሲያጠፋው፣ ነፋሱም ወደ ኋላ ሲመልሳቸው፣ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ከድንጋይ ጀርባ ተጠግተው አንዱ የሌላውን ብርሃን ሲያድስ ማየት፣ እንደ እኔ ግምት በጨዋታ ጥበብ ዘንድ አቻ የሌለው ነገር ነው። የጓደኛው መለያ ስም የሚገለጸው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ቃል በሌለበት ቦታ ዜማው ይናገራል። ደራሲው ኦስቲን ዊንቶሪ የመንገደኛውን ልብ በቼሎ ድምፅ ሲገልጽ፣ ሥራው ለግራሚ ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው ሙሉ የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ሆኗል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታው በኮምፒዩተርና በአይፎንም ይገኛል። ሊሞክረው የሚወድ አንባቢ ኢንተርኔቱን ሳይዘጋ፣ በአንድ ምሽት፣ ሳያቋርጥ እንዲጫወተው አደራ እላለሁ፤ መሥመሩ ከተዘጋ ጓደኛው አይመጣም።