አራት ልብ ይዞ መሸነፍ

ኦማሃ በተባለው የፖከር ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ ይታደላል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም በጋራ ጠረጴዛ ላይ ይገለጣል። ተጫዋቹ ከእጁ ሁለት፣ ከጠረጴዛው ሦስት ወስዶ አምስት ማሟላት አለበት፤ ከዚያ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይፈቀድም። የብዙ ጀማሪዎች ብስጭት ከዚህ ደንብ ይመነጫል።

አራቱም ካርታዎቹ የልብ ምልክት ያለባቸው ሰው አምስት ልብ ለማሟላት የተቃረበ ይመስለዋል። ሆኖም የሚያገለግሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የተረፉት ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ እንዲወጡለት ከሚመኛቸው ልቦች የተቀነሱ ናቸው። ባልታዩት 48 ካርታዎች ውስጥ የሚቀሩት 9 ልቦች ሲሆኑ፣ ቢያንስ ሦስቱ የመውጣታቸው ዕድል 3.9 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ልብና ሁለት ሌላ ምልክት ለያዘው ግን 11 ልብ ስለሚቀርለት ዕድሉ 7.2 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ያማረ የመሰለው እጅ ይህን ያህል ደካማ ነው!

ስሌቱን የተጠራጠረ፣ ድሬ ጠያራም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ፣ ሳንቲም ሳያሲዝ ሊፈትሸው ይችላል። አራት ልብ ያውጣ፣ የቀረውን ይበውዝ፣ አምስት ይግለጥና ይመዝግብ። ሙከራው በመቶዎች ሲደጋገም ውጤቱ ወደ 3.9 በመቶ ይጠጋል፤ 20 ጊዜ ብቻ የሞከረ ግን አንድም ላያገኝ ይችላል።