ኡም ራኩባ፤ የዳስ እናት

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኡም ራኩባ የሚባል መንደር ይገኛል። ትርጓሜውም «የዳስ እናት» ማለት ነው።

የአካባቢው ምድር በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚጨቀይ ጥቁር ዋልካ ነው። ማሽላው ለቀለብ ይሆናል፤ ከቡኮው የሚጋገረው ኪስራም የእንጀራችን የቅርብ ዘመድ ነው። ገንዘብ የሚገኘው ግን ከሰሊጥ ነው።

በገዳሪፍ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1937 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳውን መኪና ቢያርሰውም ሰሊጡን የሚያጭደው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ፈጥኖ ካልታጨደና ነዶው ተደግፎ ካልቆመ የፍሬው ማኅደር ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ድካምም በጥቂት ቀን ይጠፋል። ስለሆነም የዚህ አገር ገበሬ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደውን ጭምር፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሠራተኛ ሁሉ መቀበልን ከእርሻው ተምሯል።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን በኡም ራኩባ ተጠልለዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይን ጦርነት የሸሹ መጡ። ወራቱ የመከር ነበርና ከእነርሱ መካከል ሰብሉን ሳይሰበስብ የተሰደደ ገበሬ ነበረ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በሱዳን ሲነሣ ተራው ተገለበጠ፤ ብዙ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ትናንት አስተናጋጅ የነበረ ዛሬ እንግዳ ሆነ።

ወሰን ቢለያቸውም አፈሩ አንድ ዋልካ፣ ዝናቡም አንድ ክረምት ነው። እንግዳ የተቀበለ ገበሬ ለራሱም የክፉ ቀን ዳስ ሠርቷል።