ኮምፒዩተሮች ስለሚጻጻፉበት ውል



ኮምፒዩተር ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲጽፍበት ነው። ነገር ግን ሰው በመካከል ሳይገባ አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን በሩቅ ጠይቆ መልስ የሚቀበልበት ሥራ አለ። አንድ ሰው በአንድ ባንክ ካለው ሒሳብ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ሲያስተላልፍ፥ ሁለቱ ባንኮች ጸሐፊ ልከው አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩት መኪናዎቻቸው ናቸው። እንዲህ በመረብ ላይ የሚሰጠው አገልግሎት ዌብ ሰርቪስ ይባላል። መልእክቱ ኤክስኤምኤል በሚባለው አጻጻፍ ሲላክ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ፥ ይልቁንም ንድፉ ሲወጣ ምን መታሰብ እንዳለበት ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩ ከምን ላይ ነው ቢሉ፥ ሁለቱ ፕሮግራሞች የተለያዩ ሰዎች ሥራ መሆናቸው ነው። አንዱ በጃቫ፥ ሌላው በሲ ሻርፕ ተጽፎ ይሆናል፤ ቍጥሩንና ፊደሉንም የሚያስቀምጡት በየራሳቸው ልማድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚያነቡት አንድ የጋራ አጻጻፍ አስፈለገ። የዌብን ደንብ የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ማኅበር ኤክስኤምኤልን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 አወጣ። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ነገር ስሙን በያዙ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክቶች መካከል ይቀመጣል፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

<ተማሪ><ስም>አልማዝ</ስም><ክፍል>12</ክፍል></ተማሪ>

ይህን ሰውም መኪናም ሊያነበው ይችላል። መልእክቱ ግን እንዲሁ አይላክም። ሶፕ የተባለው ደንብ (1.1 የሚባለው በ2000፥ 1.2 የሚባለው በ2003 ወጣ) መልእክቱ በፖስታ ውስጥ ይግባ ይላል። በፖስታው ራስ ላይ እንደ ላኪው ማንነት ያለ ለመንገድ የሚያስፈልግ ነገር፥ በአካሉ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ይጻፋል። ተቀባዩ ጥያቄውን ለመፈጸም ባይችል ጕድለቱን ገልጦ በዚያው ዐይነት ፖስታ ይመልሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሉ ነው። ምን ምን መጠየቅ እንደሚቻል፥ እያንዳንዱ ነገር ቍጥር ይሁን ቃል ወይም ቀን፥ የትኛው ግዴታ እንደ ሆነ በዝርዝር ይጻፋል። የመልእክቱን ቅርጽ የሚወስነው ስኪማ በ2001 ወጥቷል። አንዳንድ ሠሪዎች ፕሮግራሙን አስቀድመው ይጽፉና ውሉን መሣሪያ እንዲያወጣላቸው ያደርጋሉ። ይህ መንገድ ለጊዜው ያፋጥናል፤ እኔ ግን አልወደውም። የቤቱ ባለቤት በውስጥ አንድ ነገር ባሻሻለ ቍጥር ውሉ አብሮ ይለወጥና በውጭ ያለው ደንበኛ ሳያውቀው ሥራው ይቋረጣል። ውሉ አስቀድሞ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ቢጻፍ ግን ሁለቱም በየቤታቸው እንደ ወደዱ ሊሠሩ ይችላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ደንበኛው የትምህርት ቤት ክፍያ ልኮ መልሱ በመንገድ ቢጠፋበት፥ ክፍያው ደርሶ እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና ደግሞ ይልካል። ንድፉ ይህን ካላሰበ ወላጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መዝገብ ቤት ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ቍጥር እንደሚሰጥ ሁሉ፥ እዚህም ጥያቄው የራሱ ቍጥር ሊኖረው ይገባል፤ ያው ቍጥር ሁለተኛ ሲመጣ ተቀባዩ ያንኑ የፊተኛውን መልስ ይሰጣል እንጂ እንደገና አያስከፍልም።

ዛሬ ብዙ አዳዲስ አገልግሎቶች ጄሰን በሚባለው ቀለል ባለ አጻጻፍ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ አይኤስኦ 20022 የተባለው የባንኮች የመልእክት ደንብ በኤክስኤምኤል ይሠራበታል፤ ከላይ ያልሁትም ሁሉ ለጄሰን ቢሆን አይቀርለትም።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል ልምጣ። ኤክስኤምኤል በወጣ ጊዜ ፊደላችን በዩኒኮድ ገና አልተመዘገበም ነበር፤ የገባው በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያም ወዲህ በምልክቶቹ መካከል አማርኛ መጻፍ ሲፈቀድ፥ ምልክቶቹን ራሳቸውን በአማርኛ መሰየም ግን ክልክል ነበር። በ2004 የወጣው 1.1 ፈቀደ፤ ተከታዩ ግን ጥቂት ሆነ። በመጨረሻ የ1.0 አምስተኛ እትም በ2008 በሩን ከፈተው፤ የቀድሞውን እትም የሚከተሉ መሣሪያዎች ግን አሁንም አሉ። በዚህ ላይ የፊደላችን ነገር አለ። መክፈቻው «ዓመት» ብሎ መዝጊያው «አመት» ቢል መኪናው ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች አድርጎ ያያቸውና ደብዳቤውን በሙሉ ይጥለዋል። መምህራኖቻችን ፊደል ስናሳስት ቢቈጡንም ጽሑፋችንን ማንበባቸው አይቀርም፤ መኪና ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ በአማርኛ የሚሰይም ሰው የእያንዳንዱን ስም አጻጻፍ በውሉ ላይ ቍርጥ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት።

ከዚህም የሚብሰው የቀን ነገር ነው። ስኪማው «ቀን» ብሎ የሚያውቀው የአውሮፓን አቈጣጠር ብቻ ነው። አንድ ልጅ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 12 ቀን 2000 ተወለደ እንበል፤ ይህ በአውሮፓ ጃንዩዋሪ 21 ቀን 2008 ነው። ጸሐፊው ሳይለውጥ 2000-05-12 ብሎ ቢልከው ተቀባዩ ሜይ 12 ቀን 2000 ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁ ሳያውቀው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ ማለት ነው፤ የዕድሜ ወሰን ባለው የትምህርት ዕድል ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው ይባላል? የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ቢሆን ኖሮ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ተብሎ መልእክቱ ይመለስ ነበር፤ ጥቅምት 30 ቢሆንም ፌብሩዋሪ 30 የለምና እንዲሁ ይመለሳል። ክፉው ስሕተት ሳይመለስ የሚያልፈው ነው።

መድኀኒቱ ሁለት ዐይነት ነው። ወይ በመንገድ ላይ የሚሄደው ቀን ሁልጊዜ የአውሮፓ ይሁንና ለውጡ በሁለቱ ዳር፥ ሰው በሚያይበት ቦታ ይደረግ፤ ወይም የኢትዮጵያው ቀን ራሱ መሄድ ካለበት ቀኑ፥ ወሩ ከ1 እስከ 13፥ ዓመቱም ለየብቻቸው የሚጻፉበት አዲስ ዐይነት በውሉ ላይ ይሰየም። እኔ ፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ቀኑን የሚያስሉ መሣሪያዎች አስቀድመው የተሠሩት ለእርሱ ነውና። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጀመር ፈተና 08:00 ተብሎ መላክ አለበት፤ 02:00 ተብሎ ቢላክ ስኪማው አይቃወምም፥ ተፈታኙ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጠራል።