የከተማው ነገረ ፈጅ ለማን ይቆማል?

ከተሞች በሰፉ ቁጥር በዳርቻቸው የሚኖሩ አርሶ አደሮች ይዞታቸው ለሕዝብ ጥቅም እንደሚፈለግ የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። የካሳው ግምት አነሰኝ የሚል አርሶ አደር ብዙ ጊዜ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሄዶ የሕግ ባለሙያውን ያነጋግራል። ባለሙያውም በትሕትና ያስተናግደዋል። አርሶ አደሩ ጉዳዩን የሚከታተልለት ሰው ያገኘ መስሎት ተረጋግቶ ይመለሳል። በካሳ ክርክር ግን ያ ባለሙያ የከተማው ጠበቃ እንጂ የአርሶ አደሩ አይደለም። ይህን ሳይረዱ የሚያልፉ ቀናት መብት ያሳጣሉ።

የከተማ አስተዳደር በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰውነት ያለው ተቋም ነው። ውል ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ስለዚህም በስሙ የሚከራከርለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ ባለሙያ በቀድሞው አጠራር ነገረ ፈጅ ይባላል። እንደየከተማው አደረጃጀት ሥራውን የሕግ አገልግሎት ክፍል ባለሙያ ወይም የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ ይሠራዋል።

ነገረ ፈጁ የከተማውን የግንባታ፣ የግዥና የሊዝ ውሎች ያዘጋጃል፤ ይመረምራል። ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርቡ ደንቦች ከሕገ መንግሥቱና ከክልሉ ሕጎች ጋር እንዳይጋጩ ያጣራል። ከተማው ሲከስም ሆነ ሲከሰስ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከሁሉም በላይ ኃላፊዎች ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ምክር ይሰጣል። ደንበኛው ከንቲባው ወይም የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሳይሆን ከተማው ራሱ በመሆኑ፣ አንድ ውሳኔ ከሕግ ውጭ ሲሆን «ይህ አይቻልም» ማለት ግዴታው ነው። ምክሩ ሳይሰማ ቀርቶ ከተማው ቢረታ፣ ኪሣራው የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።

በወንጀል ጉዳይ ነገሩ ይለያል። ከብቱ የተሰረቀበት አርሶ አደር ወይም ድብደባ የደረሰባት የከተማ ነዋሪ ክሱን ለማቅረብ ጠበቃ መግዛት አይጠበቅባቸውም። ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን ምርመራ መርምሮ በመንግሥት ስም ይከሳል፤ ማስረጃና ምስክር ያቀርባል። አቅም የሌላቸው ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በቀለብ፣ በውርስና በመሳሰሉት የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ከፍትሕ ተቋማት ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚያገኙበት አሠራርም አለ። ተከራካሪው ራሱ የከተማ አስተዳደሩ ሲሆን ግን ሌላ የሕግ አማካሪ መፈለግ ይገባል።

የመሬት ጉዳይ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሊወስድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል እንደሆነ ይደነግጋል። ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በውሳኔው ያልረካ ወገን ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ቀጥሎም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው ማስፈጸሚያ ሕግ ስላላቸውና ሕግም ስለሚሻሻል፣ በወቅቱ የሚሠራበትን ቀነ ገደብ ወዲያውኑ ጠይቆ ማረጋገጥ ይበጃል።

ዋናው ቁም ነገር ከነገረ ፈጁ ጋር በቃል መነጋገር አቤቱታ እንደ ማቅረብ አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ቅሬታውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሥልጣን ላለው አካል ማስገባት፣ በእጅ በሚቀረው ቅጂ ላይም የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ማስፈር ይገባል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የሰብሉና የዛፉ ዝርዝር እንዲሁም ንብረቱ ከመነሣቱ በፊት የተወሰደ ፎቶግራፍ ለክርክሩ ጠቃሚ ማስረጃዎች ናቸው።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰውም መንገዱ አልተዘጋበትም። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ በነጻ እንዲከስ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ሥርዓት ዘርግቷል።

ነገረ ፈጁ ለከተማው መከራከሩ ጠላትነት አይደለም፤ የተቀጠረበት ሥራ ነው። ነዋሪውም በበኩሉ ለራሱ መቆም አለበት። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በሕግ ፊት መናገር ማለት ደግሞ በጽሑፍና ቀኑ ሳያልፍ ማቅረብ ነው።