የተዋችሁትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሙያ እንደገና ስለማንሣት

ከመካከላችሁ አገር ቤት ሳላችሁ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የተማራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ጉዞ በመጠበቅ፣ በኡልፓንና በሌላ ሥራ ዓመታት ያለፉባችሁ አላችሁ። «ሙያው ጥሎኝ ሄዷል» ብሎ የጽዳቱን ወይም የፋብሪካውን ሥራ እንደ መጨረሻ ዕጣ የተቀበለም አይጠፋም። ያ ሥራ እንጀራ ነውና አይናቅም። ሆኖም ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ከምታውቁት ውስጥ ያረጀውንና ያላረጀውን ለዩ።

ያላረጀው ይበልጣል። ችግርን ከፋፍሎ ማሰብ፣ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ብሎ ማዘዝ፣ ሥራው እስኪያልቅ መደጋገም ዛሬም የሙያው መሠረት ናቸው። ሲ የተባለው ቋንቋና የዳታቤዝ መጠየቂያው ኤስ.ኪው.ኤል. እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተፈጠሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

የሚለወጠው መሣሪያው ነው። ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ 2ኛ እትም 5 ለ2 ሲካፈል መልሱ 2 ነበር፤ በ3ኛው እትም 2.5 ነው። የ2ኛው እትም ድጋፍ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሟል። ስለዚህ የድሮ ልማዳችሁን በአዲሱ እትም ፈትኑት። በ2005 የወጣውን ጊትንም ተማሩ፤ በኮዱ ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ይመዘግባል፣ ብዙ ሰው በአንድነት እንዲሠራም ያስችላል። ዛሬ ሲጠየቁ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም አሉ። ነገር ግን ይሳሳታሉና አንብቦ የሚያርማቸው ሰው ያሻል። እናንተም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሳችሁ እጅ ጻፉ።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። አንድ ቋንቋ ብቻ ምረጡ። የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የውኃና የአርኖና ወጪን ተቀብሎ የወሩን ድምር የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉና ጨርሱት። ቀጥሎ ሂሳቡን በፋይል እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ፓይተን ስሕተት ሲያሳያችሁ አትደንግጡ፤ የመልእክቱን የመጨረሻ መስመር አንብቡ፣ የስሕተቱ ዓይነት እዚያ ተጽፏል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የዕብራይስጡን ቃል ማወቅም ይጠቅማል። ፕሮግራም መጻፍ ቲኽኑት፣ ዋጋው የሚለዋወጥ መያዣ ሚሽታኔ፣ ቅድመ ሁኔታ ትናይ፣ ድግግሞሽ ሉላኣ ይባላል። ዲግሪ ያላችሁም ዋናውን ሰነድ በጥንቃቄ ያዙ፤ በትምህርት ሚኒስቴር የውጭ አገር ዲግሪዎችን የሚገመግም ክፍል አለ።

በመጨረሻ ለቤተሰብ አንድ ቃል እንበል። ልጆች ሲያጠኑ ቤቱ ጸጥ እንደሚል ሁሉ፣ አባት ወይም እናት ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡም ጸጥ ይበል። በቀን አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ከተያዘ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በርቱ!